የሞት ቅጣት በደቡብ አፍሪካ የቀረበት ኬዝ፦ የምስረታ እሴት ፍርድ ቤት ውስጥ ምን ይሰራል?

ይሄን ኬዝ ለምን ጻፍኩት

ሕግ ከሚማሩ ልጆች ጋርም ሆነ ከጠበቃ ጓደኞቼ ጋር ስናወራ ሁሌ ተመልሶ የሚመጣ አንድ ክርክር አለ። ሕገ መንግሥት መግቢያና መዝጊያ ላይ የሚጻፉት ትላልቅ ቃላት፣ ክብር፣ እኩልነት፣ እርቅ፣ ሰብአዊነት የሚባሉት የምስረታ እሴቶች፣ ዳኛ ፊት ሲደርሱ እውነት የሚሰሩት ስራ አላቸው ወይስ ለበአል ቀን ንግግር ነው የተጻፉት የሚል ክርክር። ግማሹ ሰው ጌጥ ናቸው ይላል። ግማሹ ደግሞ ሀገሪቱ የቆመችው በነሱ ስለሆነ አንቀጽ ባይገኝም በእሴቱ ብቻ መፍረድ ይቻላል ይላል። ለኔ ሁለቱም ልክ አይመስሉኝም፣ ለምን እንደማይመስሉኝ ለማሳየት ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ1995 የሞት ቅጣትን ያስቀረበትን ውሳኔ የመሰለ ኬዝ አላገኘሁም። ፍርዱ ከወጣ ብዙ አመት ሆኖታል ግን አሁንም ቁጭ ብዬ ሳነበው አዲስ ነገር አገኝበታለሁ።

የተከሳሾቹን ስም አልጽፍም፣ የዳኞቹንም እንደዛው። ተከሳሾቹ መዝገብ ላይ ስማቸው አለ ግን ለምንማረው ነገር ስማቸው ምንም አይጨምርም። አመተ ምህረቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሀገሪቱ በዛን ሰአት የት ነበረች

የአፓርታይድ ስርአት ካበቃ በኋላ ሚያዝያ 27 ቀን 1994 የሽግግር ሕገ መንግሥቱ ስራ ላይ ዋለ፣ የዛኑ ቀን ጥቁሩም ነጩም እኩል የመረጠበት የመጀመሪያው ምርጫ ተካሄደ። ሕገ መንግሥቱ የአሸናፊ ሰነድ አልነበረም፣ ትላንት ሲገዳደሉ የነበሩ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው የተደራደሩት ስምምነት ነው። ለዛ ነው መጨረሻው ላይ ስለ ብሔራዊ አንድነትና እርቅ የምታወራ አንድ የመዝጊያ ክፍል የገባችው። እዛ ላይ ሕገ መንግሥቱ በተከፋፈለ ያለፈ ዘመንና በወደፊቱ መሀል የተዘረጋ ታሪካዊ ድልድይ ነው ይላል፣ ቀጥሎም የሚያስፈልገው መግባባት እንጂ በቀል አይደለም፣ ካሳ እንጂ አጸፋ አይደለም፣ ኡቡንቱ እንጂ ሰውን ማጥቃት አይደለም ይላል። ኡቡንቱ የምትለዋ ቃል ሳትተረጎም እንዳለች ነው የተጻፈችው። እኛ ሰው ለሰው መድኃኒቱ እንደምንለው አይነት፣ ሰው ሰው የሚሆነው በሌሎች ሰዎች ነው የሚል ሀሳብ ነው ያላት።

ወደ ሞት ቅጣቱ ስንመጣ፣ በፕሪቶሪያ ማእከላዊ እስር ቤት የነበረው መስቀያ በአንድ ጊዜ ሰባት ሰው የሚሰቀልበት ነበር። መጨረሻ ላይ ሰው የተሰቀለው ህዳር 1989 ነው። የካቲት 2 ቀን 1990 ፕሬዝዳንት ደ ክለርክ የታገዱ ፓርቲዎችን እገዳ ባነሱበት ንግግር ላይ ስቅላትም ለጊዜው እንዲቆም አስታወቁ። የቆመው ግን መስቀሉ እንጂ መፍረዱ አይደለም። ዳኞች የሞት ፍርድ መስጠታቸውን ቀጠሉ፣ ሰዎቹም ሞት ክፍል ገብተው ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ በዚህ ሁኔታ የሚጠብቁት ከ300 በላይ ነበሩ፣ የቀድሞዎቹ ባንቱስታኖች (አፓርታይድ ለጥቁሮች የከለላቸው ግዛቶች) ውስጥ የተፈረደባቸው ሲጨመሩ ደግሞ እስከ 400 ሊደርሱ ይችላሉ ተብሏል። አንዳንዶቹ አመታት ጠብቀዋል። እንሰቀላለን ወይስ አንሰቀልም የሚለውን የሚነግራቸው አልነበረም።

ተደራዳሪዎቹ ደግሞ በዚህ ጉዳይ መስማማት አልቻሉም። የሞት ቅጣት ይፈቀዳል ብለውም አልጻፉ፣ ተከልክሏል ብለውም አልጻፉ። የሀገሪቱ የሕግ ኮሚሽን አስቀድሞ በ1991 ባወጣው ሪፖርት ይሄ ነገር በጣም አከራካሪ ስለሆነ በሕይወት የመኖር መብትን ጽፈን ውሳኔውን ለፍርድ ቤት እንተወው ብሎ ነበር፣ ይሄን አካሄድ የሰለሞን መፍትሄ ብሎ ጠራው። ፖለቲከኛው ያልጨረሰውን ዳኛው ይጨርሰው ማለት ነው።

ኬዙ

ሁለት ሰዎች ናቸው። ዊትዋተርስራንድ (የጆሃንስበርግ አካባቢ) በሚገኝ ፍርድ ቤት በአራት የግድያ ክስ፣ በአንድ የግድያ ሙከራና በአንድ ከባድ ዝርፊያ ጥፋተኛ ተባሉ። ለእያንዳንዱ ግድያ ሞት ተፈረደባቸው፣ ለቀረው ረጅም እስራት። ይግባኝ ሲሉ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኝነቱን አጸናው፣ ስለ ቅጣቱም የሞት ቅጣት ሕጋዊ ከሆነ እንዲህ አይነት ወንጀል የሚገባው ነው አለ። ግን አዲሱ ሕገ መንግሥት ስለወጣ ቅጣቱን በይደር ይዞ ጥያቄውን ለአዲሱ ፍርድ ቤት ላከው። ጥያቄው በ1977 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ስነ ስርአት ሕግ ለግድያ ሞት የሚፈቅድበት ክፍል፣ ቁጥር 277፣ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይሄዳል ወይ የሚል ነው።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። የሚያሳዝን ባለጉዳይ የለበትም። ሳይገድሉ የተፈረደባቸው ሰዎች አይደሉም፣ የፖለቲካ እስረኞችም አይደሉም። አራት ሰው ሞቷል፣ የሟቾቹ ቤተሰብ አለ። ለእሴት ፈተና ከዚህ የከበደ ኬዝ አይመጣም፣ ምክንያቱም የሚወደድ ሰው መብት ሲከበር ማንም አይቃወምም።

ፍርድ ቤቱ ራሱ ገና አራስ ነበር። የካቲት 14 ቀን 1995 ኔልሰን ማንዴላ መርቀው ከፈቱት፣ በማግስቱ የካቲት 15 ይሄ ጉዳይ የመጀመሪያው ሆኖ መሰማት ጀመረ፣ ሶስት ቀን ፈጀ። የራሱ ህንጻ እንኳን አልነበረውም፣ ጆሃንስበርግ ውስጥ በተከራየው ቢሮ ነበር የሚሰራው። ማንዴላ በምረቃው ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ፍርድ ቤት የቀረቡት የሞት ፍርድ ይፈረድባቸው አይፈረድባቸው ሊሰሙ እንደነበር አንስተዋል፣ በ1964 እሳቸውና ጓዶቻቸው የተፈረደባቸውን የሪቮንያ ችሎት ማለታቸው ነው። በማግስቱ ደግሞ የመጀመሪያው ፋይል የሞት ቅጣት። ይሄን ሳስብ ሁሌ ይነካኛል።

ችግሩ የት ላይ ነው

መጀመሪያ ጽሁፉ ዝም ብሏል። አንቀጽ 9 ማንኛውም ሰው በሕይወት የመኖር መብት አለው ይላል፣ አበቃ። በሕግ ካልተፈረደበት በስተቀር የሚል ጭራ የለውም፣ የሞት ቅጣት ቀርቷል የሚልም የለውም። ከጎኑ አንቀጽ 10 ሰብአዊ ክብርን ይጠብቃል፣ አንቀጽ 11 ደግሞ ጭካኔ የተሞላበት፣ ኢሰብአዊ ወይም ክብርን የሚያዋርድ ቅጣትን ይከለክላል። አንቀጽ 33 መብቶች የሚገደቡበትን መስፈርት ያስቀምጣል። አንቀጽ 35 ደግሞ ዳኞች መብቶቹን ሲተረጉሙ በነጻነትና በእኩልነት ላይ የቆመ ክፍትና ዴሞክራሲያዊ ማህበረሰብ የሚመራባቸውን እሴቶች እንዲያራምዱ ያዛል። ይቺ የመጨረሻዋ በጣም ወሳኝ ናት ምክንያቱም እሴትን ማንሳት የዳኛው ፍላጎት ሳይሆን የተጻፈ ግዴታ አደረገችው።

ሁለተኛ፣ ወንጀሉ ቀልድ አልነበረም። ዐቃቤ ሕጉ ባቀረበው መረጃ በአመት በአማካይ ወደ 20,000 ግድያ ይፈጸማል፣ ወደ 9,000 የሚሆን የግድያ ጉዳይ ለፍርድ ይቀርባል። ሰው ፈርቷል። ህዝቡ ይጠየቅ ቢባል አብዛኛው ይሰቀሉ እንደሚል ፍርድ ቤቱም ገምቶ ነው የተነሳው፣ አልካደም።

ሶስተኛው፣ የማን እሴት ነው የሚለው ነው። ፍርድ ቤቱ ያየው የለንደንና የዋሽንግተን ፍርድ ብቻ ከሆነ፣ አብዛኛው ጥቁር የሆነ ሀገር እሴቴ ነው ብሎ ይቀበለዋል ወይ? አንድ የጥቁር ጠበቆች ስብስብ የፍርድ ቤት ወዳጅ ሆኖ (ተከራካሪ ሳይሆን ሀሳቡን ለፍርድ ቤቱ የሚያቀርብ ወገን ማለት ነው) ገብቶ ይሄንኑ ነበር የተናገረው፣ የብዙሀኑ አፍሪካዊ እሴትና አመለካከት በማስረጃ ሳይቀርብ እንዴት ይወሰናል ብሎ። በጣም ከባድ ጥያቄ ነው፣ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

የተከራካሪዎቹ አሰላለፍም ያልተለመደ ነበር። አዲሱ መንግሥት ቅጣቱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ከተከሳሾች ጎን ቆመ፣ ቅጣቱ ይቆይ ብሎ የተከራከረው የዊትዋተርስራንድ ዋና ዐቃቤ ሕግ ነው። የሰብአዊ መብት ድርጅቶችም በፍርድ ቤት ወዳጅነት ገብተዋል።

የተሄደበት መንገድ

ሰኔ 6 ቀን 1995 ፍርዱ ወጣ። አስራ አንዱም ዳኞች በውጤቱ ተስማሙ፣ የሚገርመው ግን አስራ አንዱም የየራሳቸውን ሀሳብ ለየብቻ ጻፉ። ዋናውን የጻፉት የፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንት ናቸው፣ አካሄዳቸውን ደረጃ በደረጃ ማየት ይጠቅማል።

መጀመሪያ የሄዱት ወደ ጽሁፉ ነው። የሰው ሀገር ፍርዶችን ዘርዝረው አዩ፣ የአሜሪካ፣ የህንድ፣ የካናዳ፣ የሀንጋሪ፣ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት። አሜሪካና ህንድ የሞት ቅጣትን የተቀበሉ ፍርድ ቤቶች አሏቸው፣ ዐቃቤ ሕጉም እነሱን ነው የጠቀሰው። ግን የሁለቱም ሕገ መንግሥት ሰው በሕግ ስርአት ሕይወቱን ሊያጣ እንደሚችል በጽሁፉ ውስጥ ያስባል፣ የደቡብ አፍሪካው አያስብም። ስለዚህ እነሱ ያሉትን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም አሉ። ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ስንት ጠበቃ ነው የውጭ ፍርድ ሲጠቅስ በየትኛው አንቀጽ ላይ እንደተፈረደ ሳያይ የሚጠቅሰው።

ቀጥለው ሕይወትና ክብር የሌሎች መብቶች ሁሉ ምንጭ ናቸው ብለው፣ አንቀጽ 11 ላይ ያለውን ጭካኔ የሚለውን ቃል በነሱ ብርሀን አነበቡት። ውሳኔያቸው ያረፈው በዋናነት በዚህ አንቀጽ ላይ ነው። ሌሎቹ ዳኞች በሕይወት መብት ላይ የበለጠ የተደገፉም አሉ።

ከዛ ወደ መሬት ወረዱ፣ ለኔ የፍርዱ ምርጥ ክፍል ይሄ ነው። ማን ነው የሚሰቀለው ብለው ጠየቁ። ሞት የሚያስፈርድ ክስ የሚቀርብበት ሰው አብዛኛው ደሀ ነው፣ ጠበቃ መቅጠር አይችልም፣ መንግሥት የሚመድብለት ጠበቃ ብዙ ጊዜ ወጣትና ልምድ የሌለው ነው፣ የሚከፈለውም ትንሽ ነው፣ ደንበኛው ጋር የሚያወራው በአስተርጓሚ ነው። ፖሊሱ እንዴት መረመረ፣ ዐቃቤ ሕጉ እንዴት አቀረበ፣ የትኛው ዳኛ ደረሰው፣ ይሄ ሁሉ ተደምሮ ነው አንዱ የሚሞተው ሌላው የሚተርፈው። ድህነት፣ ዘርና አጋጣሚ ድርሻ አላቸው አሉ። በማንኛውም ቅጣት ላይ እንደዚህ አይነት ስህተት ይኖራል፣ ሞት ግን አይመለስም።

መጨረሻ ላይ የአንቀጽ 33 ቴስት መጣ። መብቱ ከተነካ፣ መነካቱ ምክንያታዊና ተገቢ፣ ለአንዳንዶቹ መብቶች ደግሞ የግድ አስፈላጊ መሆኑን ማሳየት ያለበት ቅጣቱን የሚደግፈው ወገን ነው። ያስፈራራል የተባለውን ወሰዱ። ዐቃቤ ሕጉ ራሱ የሞት ቅጣት ከእድሜ ልክ እስራት የበለጠ እንደሚያስፈራራ ማረጋገጫ እንደሌለ አመነ። ፕሬዝዳንቱም ወንጀለኛን ከምንም በላይ የሚያስፈራው እያዛለሁ፣ ይፈረድብኛል፣ እቀጣለሁ የሚለው እርግጠኝነት ነው፣ ያ ነው አሁን የጎደለው አሉ። እንዳይደግም ማድረግ የሚባለው በእስራትም ይሆናል። ብድር መመለስ የሚባለው ደግሞ በእርቅና በኡቡንቱ ላይ ልቁም ባለ ሕገ መንግሥት ውስጥ ያን ያህል ክብደት አይሰጠውም።

ስለ ህዝብ አስተያየት የሰጡት መልስ አጭርና ግልጽ ነው። ጥያቄው ብዙሀኑ ምን ቅጣት ይገባል ይላል አይደለም፣ ሕገ መንግሥቱ ይፈቅዳል ወይ ነው፤ የህዝብ አስተያየት ብቻ የሚወስን ቢሆን ኖሮ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ባላስፈለገ ነበር። በጣም የተናቁትንና የከፉትን ሰዎች መብት ለመጠበቅ ፈቃደኛ ስንሆን ብቻ ነው የሁላችንም መብት መጠበቁን እርግጠኛ የምንሆነው የሚል ሀሳብም አስገብተዋል።

እሴቱ ትክክል የት ጋር ገባ

ብዙ ሰው ይሄን ፍርድ ሲያወራ ኡቡንቱ የሞት ቅጣትን አስቀረች ይላል። ፍርዱን ካነበባችሁት ግን እንደዛ አይደለም። ኡቡንቱ ብቻዋን ምንም አላስቀረችም። አንድ የተከለከለ ነገር ነበር፣ ጭካኔ የተሞላበት ቅጣት። ቃሉ ሰፊ ነው፣ ጭካኔ ለአንዱ ሌላ ለሌላው ሌላ ነው። እሴቱ የገባው እዚህ ጋ ነው፣ ይቺ ሀገር በምን ላይ ለመቆም እንደወሰነች ካየን ጭካኔን በየትኛው አይን እንለካው ለሚለው መልስ ሆኖ። ሁለተኛው የገባበት ቦታ ሚዛኑ ላይ ነው፣ በቀል የሚባለው አላማ ስንት ይመዝናል ሲባል፣ በቀል አያስፈልግም ብሎ የጻፈው ሕገ መንግሥቱ ራሱ ነው።

ኡቡንቱን በስፋት ካነሱት ዳኞች አንዷ ቃሏ የምትይዘውን ስትዘረዝር መከባበር፣ ርህራሄ፣ አብሮነት፣ ሰብአዊ ክብር ብላ ነው፣ እሴቶቹም የአንድ ወገን ብቻ ሳይሆኑ ሁሉንም የሚያገናኙ ናቸው ብላለች። ሌላው ዳኛ ደግሞ ቃሏ ያለችው በመዝጊያው ላይ ብቻ ቢሆንም ሀሳቧ በጠቅላላ ሰነዱ ውስጥ ይፈሳል አለ። ሌላ አንድ ዳኛ የቀድሞውን ባህላዊ ዳኝነት ታሪክ ፈትሾ፣ የዳበረ የፍርድ ስርአት የነበራቸው ማህበረሰቦች በአጠቃላይ ነፍስ ላጠፋ በፍርድ ሞት እንደማይሰጡ፣ ግድያ የሚታየው ጠንቋይ ናቸው የተባሉ ላይ በሚነሳ ከዳኝነት ውጪ በሆነ ቁጣ እንደነበር አሳየ። ይሄ ዳኛ የነዛን ማህበረሰቦች ሕግ እንደ ተረት ሳይሆን እንደ ምንጭ ነው ያነበበው፣ ይሄን ነገር በጣም አከብረዋለሁ።

ምን ሰራ

ውጤቱ ያዘ። በ1996 የተጻፈው ቋሚ ሕገ መንግሥት፣ ማንዴላ ታህሳስ 10 ቀን ሻርፕቪል ላይ የፈረሙት፣ በሕይወት የመኖር መብትን ያለ ምንም ልዩ ሁኔታ እንደገና ጻፈው፣ የመጀመሪያው አንቀጹም ሀገሪቱ በሰብአዊ ክብር፣ በእኩልነትና በሰብአዊ መብቶች እሴት ላይ የተመሰረተች ናት ብሎ ይጀምራል። ልብ በሉ፣ ኡቡንቱ የምትለዋ ቃል ከቋሚው ሕገ መንግሥት ወጥታለች፣ የለችም። ግን ፍርዱ አልወደቀም፣ ዳኞችም ቃሏን መጠቀም አላቆሙም። ይሄ የሚያሳየኝ ፍርዱ በመብቱ አንቀጽ ላይ ባይታሰር ኖሮ ቃሏ ስትወጣ እሱም አብሮ ሊናድ ይችል እንደነበር ነው።

አካሄዱም ለሌላ ተረፈ። ከሶስት ቀን በኋላ ሰኔ 9 ቀን 1995 ያው ፍርድ ቤት ልጆችን በፍርድ ቤት ትእዛዝ መግረፍ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። በ2001 ደግሞ በ1998ቱ የአሜሪካ ኤምባሲዎች ፍንዳታ የተጠረጠረ አንድ ታንዛኒያዊ ሞት ላይፈረድበት ዋስትና ሳይጠየቅ ለአሜሪካ ተላልፎ መሰጠቱ ስህተት ነበር ብሎ ፈረደ። ሰውየው ከሀገር ወጥቶ አልቋል፣ ፍርዱ ግን ተሰጠ፣ ሰውየውን ለሚዳኘው የአሜሪካ ፍርድ ቤት እንዲላክም ታዘዘ። በ2004 መሬት ላይ የሰፈሩ ሰዎችን ስለማስነሳት በተፈረደው ጉዳይም ኡቡንቱ ተነስታለች። አንድ ጊዜ በከባድ ኬዝ ላይ በጥንቃቄ የተሰራ ነገር እንዲህ ይቆያል።

ምን አልሰራ

ብዙ ነገር። መጀመሪያ የማስረጃው ነገር። ያ የጥቁር ጠበቆች ስብስብ ያነሳው ጥያቄ በደንብ አልተመለሰም ባይ ነኝ። ዳኞቹ ስለ አፍሪካዊ እሴት የጻፉት ጥሩ ነው ግን አብዛኛው ከራሳቸው ንባብና እውቀት የመጣ ነው፣ ተከራካሪዎቹ ምስክርና ጥናት አላቀረቡላቸውም። አንዱ ዳኛ ራሱ በዚህ በኩል በቂ ነገር እንዳልቀረበላቸው ጠቁሟል። በዚህ ምክንያት ኡቡንቱ ማለት ዳኛው የሚወደው ነገር ሁሉ ነው ወይ የሚል ትችት ከምሁራን መጣ፣ ትችቱም እስከዛሬ አልቆመም፣ በከፊል እውነት አለው።

አስራ አንድ ፍርድ መሆኑም ችግር አለው። ለተመራማሪ ሀብት ነው፣ ለወረዳ ዳኛና ለተራ አንባቢ ግን ትክክለኛው ምክንያት የትኛው ነው የሚለውን ማግኘት ከባድ ነው፣ አንዱ በጭካኔ ሌላው በሕይወት መብት ሌላው በእኩልነት ይሄዳል።

ህዝቡም አልተሳመነም። ከባድ ወንጀል በተፈጸመ ቁጥር ይመለስ የሚል ድምጽ ይነሳል፣ አሁንም። ፍርድ ቤቱ አሳማኝ ምክንያት ጻፈ ግን ሰውየው በሩ ላይ የሚፈራውን ሌባ አላስቀረለትም። ወንጀለኛን የሚያስፈራው መያዙ ነው ብሎ ዳኛው ሲጽፍ፣ የመያዙን ስራ የሚሰራው ፖሊስ ነው፣ ያ ሳይስተካከል ሲቀር ሰው ጥፋቱን የሚያየው በመብቱ ላይ ነው። ለነገሩ በ1997 የሞት ቅጣትን ከሕግ መጽሀፍ የሰረዘው ያው አዋጅ ለከባድ ወንጀሎች ዝቅተኛ የቅጣት መነሻ፣ እድሜ ልክም ጭምር፣ ይዞ ነው የመጣው፣ ከዛ በኋላ የእድሜ ልክ እስረኛው ቁጥር በጣም ጨመረ። ክብር የሚለው እሴት መስቀያው ላይ ሰራ፣ እስር ቤቱ ውስጥ ግን ገና ብዙ ይቀረው ነበር።

ለሌላ ኬዝ ምን ይወሰዳል

እኔ ከዚህ ኬዝ የምወስደው ትልቁ ነገር እሴት ያለ አንቀጽ አይከራከርም የሚለው ነው። አቤቱታ ስትጽፉ ክብር ተነክቷል ብላችሁ አትጀምሩ። የትኛው መብት፣ የትኛው ቃል፣ ቃሉ የትኛው ጋ ነው የሚያሻማው በሉ፣ ከዛ እሴቱን እዛች ክፍተት ውስጥ አስገቡት። ቃሉ ካላሻማ እሴት አያስፈልጋችሁም፣ ቃሉ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ እሴቱ ብቻውን አይሸከማችሁም።

ሌላው፣ እሴቱ የማን እንደሆነ በማስረጃ አምጡ። የሽማግሌዎች ዳኝነት፣ የታሪክ ጥናት፣ የሕገ መንግሥት አርቃቂዎች ቃለ ጉባኤ፣ ያለውን ሁሉ። ዳኛው ከራሱ እንዲፈልግ አትተዉት። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ይሄ ስለተጓደለ ነው ቃሏ እስከዛሬ ላልታለች የምትባለው፣ ጥያቄውን ያነሱት ሰዎች ደግሞ በተሸናፊው ወገን ያሉ መስለው መታየታቸው ያሳዝነኛል፣ ጥያቄያቸው ግን ለአሸናፊዎቹ ነበር የሚጠቅመው።

የተከሳሹን ድህነት መዝገብ ውስጥ ማስገባትም እንደዛው። ማን ጠበቃ አገኘ፣ በምን ቋንቋ ተከራከረ፣ ስንት ቀን ተሰጠው የሚለው የስነ ስርአት ዝርዝር ይመስላል። እዚህ ኬዝ ላይ ግን እኩልነት የሚለው ትልቅ ቃል እግር ያወጣው በዚህ ነው። ደንበኛችሁ የሚያሳዝን ሰው ካልሆነ ደግሞ አትደብቁት፣ ዳኞቹ የወንጀሉን ክብደት አላቃለሉም፣ የሟቾቹን ሀዘን አልዘለሉም፣ ይሄንን አይተው ነው የወሰኑት፣ ፍርዱም የታመነው ለዛ ይመስለኛል።

የመጨረሻው ስለ ትእዛዙ ነው፣ ይሄኛውን ብዙ ሰው አያነሳውም። በ1995 ፍርድ ቤቱ ማንም እንዳይሰቀል አዘዘ፣ የሞት ፍርድ ያለባቸው ሰዎች ግን ፍርዱ በሌላ ሕጋዊ ቅጣት እስኪተካ እስር ቤት ይቆያሉ አለ። መተካቱን ማን በስንት ጊዜ ያድርገው የሚለውን ፍርድ ቤቱ አልተከታተለውም፣ የአተካኩ ስርአት የመጣው በ1997ቱ አዋጅ ነው። በ2005 ጉዳዩ እንደገና ወደዛው ፍርድ ቤት ሲመጣ፣ አስር አመት ሙሉ ወረቀታቸው ላይ አሁንም ሞት የሚል የተጻፈባቸው እስረኞች ተገኙ። አይሰቀሉም፣ ግን የእስራታቸው ልክ ስንት እንደሆነ አያውቁም። ፍርድ ቤቱ በዚህ ጊዜ ተማረ፣ መንግሥት የእያንዳንዱን ሰው ጉዳይ በሪፖርት እንዲያቀርብ አዘዘ፣ ፋይሉንም እጁ ላይ አቆየው። ሪፖርት እየመጣ፣ የቀረው እየተጠየቀ፣ ቅጣታቸው ሁሉ ተተክቶ ክትትሉ የተዘጋው ህዳር 2006 ነው።